የአንድ ሰዓት ፍል ውሃ

ዩኑስ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ድምፅ በሚያቀናብርባት ጠባብ የኪራይ ክፍል፣ በደረቱ ተደፍቶ። የማይክራፎን ማቆሚያው የብረት እግር ከጭንቅላቱ አጠገብ ወድቋል። ሐኪሙ «አንድ ሰዓት ግድም ተመቷል፤ ወዲያው ግን አልሞተም» አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ያገኘው ታላቅ ወንድሙ ኢብራሂም ነበር። ሊያነሳው ሲሞክር እጁ ደም ነካ፤ በዚያው ታሰረ።

ዓርብ ጠዋት የኢንስፔክተር ውዴ አለቃ ሞላ ደወለላት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢብራሂምን ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። ሌላ ሰው ካለሽ ከዚያ በፊት አምጪ።» መልሷን ሳይሰማ ዘጋው።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሺ ክፍሉ በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ጠበቋት።

«ምኑ ይመረመራል? ረቡዕ ዕለት ኢብራሂም ‹ይህን ቆርቆሮ ጥለህ ሱቅ ግባ› እያለ ሲጮህበት ሰምቻለሁ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ ምን ሰሙ?»

«ምንም። ያ ጫጫታው እንኳ ዝም ብሏል። ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር።»

«ጫጫታ አይደለም፤» አለች የሟቹ እህት ሙና ከኋላቸው። «የዝናብ፣ የወፍጮ፣ የገበያ ድምፅ ነው። እርስዎም በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ አይቻለሁ።»

«የቆምኩት በገዛ በሬ ላይ ነው።»

ሙና ወደ ውዴ ዞረች። «አስከሬኑን እንድንወስድ ተፈቅዷል። ሊያጥበው የሚገባው ወንድሙ እናንተ ዘንድ ታስሯል። እስከ መቼ ነው የምናቆየው?»

ውዴ ወደ ውስጥ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሳምፕለር የሚሉት ማሽን አለ፤ መጽሐፍ የሚያህል፣ ዐሥራ ስድስት ቁልፍ የተደረደረበት፤ የተቀዳ ድምፅ ይቆርጣል፣ ያዘገያል፣ ይደጋግማል። ከጀርባው ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል። ጫፉን አጠገቡ ባለው የዩኑስ ስልክ ላይ ልትሰካው ሞከረች። የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

«ከኢብራሂም ሌላ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» ብላ ሙናን ጠየቀቻት።

«ከፈንታሁን ጋር። አብረው ነበር የሚሠሩት። የወንድሜን ሥራ በራሱ ስም አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ላከ። ዩኑስ ረቡዕ ነው የሰማው፤ ‹ነገ ጠዋት አነጋግረዋለሁ› አለኝ። ይህን ለፖሊሶቹ ነግሬአለሁ። እነሱ የጠየቁኝ ስለ ኢብራሂም እጅ ብቻ ነው።»

ፈንታሁን ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሳላትም።

«ሐሙስ ወንዛዬ ነበርኩ፤ የፍል ውሃውን ድምፅ ስቀዳ። ይኸው ስልኬ፤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ከሩብ፣ ያለ ማቋረጥ። ቀንና ሰዓቱን የሚጽፈው የስልኩ መቅጃ አፕ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ማን አብሮህ ነበር?»

«ድምፅ የሚቀዳ ሰው አጃቢ አይወስድም። አጃቢ ያስነጥሳል።»

«ዩኑስ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ጆሮ ነበረው። ምላሱ ግን ከጆሮው ይበልጥ ነበር።»

ውዴ ስልኩን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አዳመጠች። ውሃ ይንፈቀፈቃል። ከሩቅ አንድ ነገር ድም፣ ድም ይላል። ጥጃ የሚመስል እንስሳ ይጮሃል፤ ግን ሁለት ሁለት ጊዜ እየደጋገመ። ጥጃ እንዲህ አይጮህም። እንደገና አዳመጠችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም የዩኑስ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኢብራሂምን በካቴና፣ ሞላን ሰዓቱን እያየ። ድምፁን ከፈተችው።

«ያ የሚመታው ምንድን ነው?»

«የውሃ መሳቢያ ሞተር፤» አለ ፈንታሁን።

«የሚጮኸውስ?»

«ጥጃ። የከተማ ልጅ ነዎት እንዴ?»

አፑ ላይ ፍጥነቱን በእጥፍ ጨመረችው። ጥጃው ውሻ ሆነ። ሞተሩ ከበሮ ሆነ፤ በላዩም ጸናጽል ተሰማ።

ወይዘሮ የሺ አማተቡ። «በሁዳዴ ከበሮ ይመታል እንዴ? ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ሳምንት ነው። የትኛው ደብር ነው የመታው?»

«የትኛውም አልመታም፤» አለች ውዴ። «ይህ ሐሙስ አልተቀዳም። ዩኑስ ከጾሙ በፊት የቀዳው ነው፤ ዋናው እዚህ ማሽን ውስጥ አለ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ፈንታሁን የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ስለነበረ በግማሽ ፍጥነት አዘገየው። ውሃ ቢዘገይም ውሃ ነው ብሎ።»

«ስልኩ ላይ ያለው ሰዓትስ?» አለ ሞላ።

«ሰዓቱ እውነት ነው። ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ተቀምጦ በዚህ ሽቦ ከማሽኑ ወደ ስልኩ ገለበጠው፤ ለዚህ ነው ወይዘሮ የሺ ምንም ያልሰሙት። የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ ደግሞ አንድ ሰዓት ይፈጃል።» ሽቦውን የፈንታሁን ስልክ ላይ ሰካችው፤ ገጥሞ ገባ። «እርስዎ ከኪዳን ሲመለሱ በሩን ከውስጥ የቀረቀረው ሟቹ አይደለም።»

ሙና ወደ ፈንታሁን ቀረበች።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠህ ሲያጣጥር አልሰማህም?»

ፈንታሁን ወለሉን አየ።

«ማዳመጫ አድርጌ ነበር።»

ሞላ ካቴናውን ከኢብራሂም እጅ ፈትቶ ፈንታሁን ላይ አጠለቀው። ኢብራሂም ማንንም አላመሰገነም። እጅጌውን ሰብስቦ ወንድሙን ሊያጥብ ወጣ።