ሦስተኛው እምቢታ

በጄኔቭ፣ በዙሪክና በአካባቢያቸው ለምትገኙ ኢትዮጵያውያን በሙሉ! አቶ ባልቻ ገረመው ከአብዮት፣ ከስደትና ከአንድ ትዳር የተረፈውን ሪዛቸውን፣ በፈረንጆቹ 1996 ዓ.ም. በፀደይ ወራት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር በሚገኘው በእህታቸው መታጠቢያ ቤት በገዛ እጃቸው ተላጭተዋል። ሪዙ የተሰዋው ለሶፍትቦል ነው።

«ለመሆኑ ሶፍትቦል ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁት ግን ከተላጩ በኋላ ነው።

የእህታቸው ልጅ ሰኒ የያዘችው ዳቦ አፏ ሳይደርስ ቆመ። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችውም በገዛ ምላሷ ነው። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ፣ የትምህርት ቤቷ የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን አሰልጣኝ በረዶ ላይ ሲንሸራተት እግሩ ተሰብሮ ምትክ እየተፈለገ እንደሆነ እንደ ቀልድ ጣል አደረገች። እናቷ አስረሳሽ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ዙሪክ ለወንድሟ ደወለች። በማግስቱ ደግሞ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር ለምታበስልላት ለአንድ አምባሳደር ሚስት ነገረቻት። ሴትየዋ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባል ናት፤ ሰኒን በነጻ ያስገባቻትም እሷው ናት። «ወንድሜ ለብዙ ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበር» አለቻት አስረሳሽ። ይህ እውነት ነው። «ሶፍትቦልማ ነፍሱ ነው» ብላ የጨመረችው ግን ነገሩን ለማሳመር ነው።

«አንዷ ትወረውራለች፣ አንዷ በዱላ ትመታለች፣ ከዚያ ትሮጣለች» አለች ሰኒ።

«በይ ተይኝ! የገና ጨዋታ ነዋ!»

«አይደለም፣ ጋሼ። ሜዳው ላይ አራት ቦታ ምንጣፍ ነገር አለ፤ ቤዝ ይባላል። የመታችው ልጅ ከአንዱ ትነሳና ሦስቱን ዞራ ትመለሳለች።»

«የት?»

«የተነሳችበት።»

ጋሽ ባልቻ የሌለ ሪዛቸውን ዳበሱ። «ታዲያ መሄዱ ለምን አስፈለገ?»

«ሴ ፓ ቭሬ! የማይታመን ነው!» አለች ሰኒ ወደ እናቷ ዞራ። ሲጨንቃት ፈረንሳይኛዋ ይቀድማታል። «እማዬ፣ ሼም ነው! ልጆቹ ይስቁብናል!»

«ይሳቁ» አለች አስረሳሽ የወንድሟን ኮት እየቦረሸች። «ሳቅ ማንን ገደለ?»

ጋሽ ባልቻ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ይውላሉ፤ የራሳቸውን ሸሚዝ ለማጠብ ግን የሕንፃው ማሽን ተራ የሚደርሳቸው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። በአንድ ወቅት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ «የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ላድርግህ?» አላቸው። እሳቸውም እንደ ጨዋ ልጅ «ናይን፣ ናይን! እኔ ምን በቅቼ!» አሉት። ሥራ አስኪያጁ አመስግኖ ጨበጣቸውና ሹመቱን ለአንድ ፖርቹጋላዊ ሰጠው። ጋሽ ባልቻ ዳግመኛ እስኪጠይቃቸው ይኸው ሁለት ዓመት እየጠበቁ ነው።

የአሰልጣኝነቱን ሥራ ካገኙ ጠቅልለው ጄኔቭ ይገባሉ። ጄኔቭ ማለት ደግሞ የአስረሳሽ ሳሎን ነው፤ ሳሎኑ ማለት ሶፋው ነው፤ ሶፋው ማለት የሰኒ አልጋ ነው። በዚያ ላይ ጋሽ ባልቻ ሲያንኮራፉ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ሰኒ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ የጸለየችው ጸሎት አጭር ነበር፦ «አምላኬ ሆይ፣ አጎቴን በጣም እወዳቸዋለሁ። ዙሪክ ሳሉ።»

«ሰኒዬ» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ጋሽ ባልቻ፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ፊሽካ እያሻሹ። «እሁድ እሁድ ስደውልላችሁ የስልክ ካርዱ ሲያልቅ አየሽ? ከዚያ እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ አማርኛ የማወራው ከማሽኖቹ ጋር ነው። ጎበዝ አድማጮች ናቸው፤ ብቻ ሁሉንም ነገር ይጠመዝዙታል።»

ሰኒ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ በመሳቋ ተናደደች።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ዋና አስተዳዳሪዋ ሚስ ሃርግሮቭ የምትናገረው በሁለት አውሮፕላን መሃል ነው። አሜሪካዊት ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች። ጋሽ ባልቻ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ ሰኒ በመሃል ቆመች።

«ከዚህ በፊት ሶፍትቦል አሰልጥነዋል?» ስትል ጠየቀች ሚስ ሃርግሮቭ።

«ኧረ ስሙንም የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው» አሉ ጋሽ ባልቻ።

ሰኒ ልቧ ዘለለ። የእናቷን ውሸት ገደል ሰደደችውና ቃል በቃል ተረጎመች። አለቀ፤ ወደ ቤት! ሚስ ሃርግሮቭ ግን አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ሳቀች። «እስካሁን የመጡት ሦስት ሰዎች ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን ነን ብለውኛል። እስቲ እንይዎት» አለች።

ልጆቹ ጨዋታ ጀመሩ። ጋሽ ባልቻ ኮታቸውን እንደለበሱ ዳር ቆመው ተመለከቱ። የሱዳን ዲፕሎማት ልጅ የሆነችው ነስሪን በስንት መከራ ኳሷን መታች፤ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ደረሰችና እንደ ሐውልት ተተከለች። የሌሎቹ ጩኸትም አላንቀሳቀሳትም።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ሁሌም እንደዚህ ናት። ቤዙ ላይ ከቆመች ማንም አይነካትም። ለቃ ስትሮጥ መንገድ ላይ በኳስ ከነኳት ግን ከጨዋታ ትወጣለች። ትፈራለች።»

ጋሽ ባልቻ ነስሪንን ትኩር ብለው አዩ። ቀጥሎ ዓይናቸው በራ። «ቆይ፣ ቆይ! ይሄ የመኖሪያ ፈቃድ ነዋ!»

ፊሽካቸውን ነፉ። ልጆቹ ተሰበሰቡ። «ንገሪያቸው» አሉ ሰኒን። «ይሄ የምትነሺበት የመጀመሪያው ቢሮ ነው። ያኛው ቀበሌው፣ ኮሚዩኑ፤ ያኛው ፖሊሱ፤ ያኛው ክልሉ፣ ካንቶኑ። ቢሮ ውስጥ እስካለሽ ደህና ነሽ። በመሃል፣ ወረቀትሽ ሳያልቅ መንገድ ላይ ከያዙሽ አለቀልሽ። ግን ቢሮው ውስጥ ቆመሽ ብታረጂስ ማን ፈቃድ ይሰጥሻል? ጸሐፊው ዓይኑን ከአንቺ ላይ ሲያነሳ፣ ውልቅ!»

«ጋሼ፣ ይሄንን በእንግሊዝኛ አልልም።»

«በይ እንጂ! ሥራሽን ሥሪ!»

ሰኒ መሬት መሬት እያየች ተናገረችው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም በዕድሜያቸው ለፈቃድ ተሰልፈው አያውቁም፤ የሚሰለፍላቸው ሾፌር አለ። ከዚያ ነስሪን ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «ዞሬ ስመለስስ? መጨረሻው መስኮት ላይ ማነው ያለው?»

«ያው መጀመሪያ የሸኘሽ ሰውዬ ነዋ! ያኔ ቀና ብሎ እንኳ አላየሽም። አሁን ግን ያጨበጭብልሻል።»

ጨዋታው ቀጠለ። ነስሪን እንደገና መጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆማለች። ወርዋሪዋ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ስትል ጋሽ ባልቻ በአማርኛ «ጸሐፊው ለቡና ወጣ!» ብለው አምባረቁ። ሰኒ ሳታስበው በእንግሊዝኛ ደገመችው። ነስሪን በረረች። ልጆቹ በሙሉ «ፖሊስ! ካንቶን!» እያሉ አብረዋት ጮኹ። ግራ የተጋባችው ወርዋሪ ኳሱን አጥር ላይ ወረወረችው፤ ነስሪን በደረቷ ተንሸራታ፣ አፏ በሣር ተሞልቶ፣ የተነሳችበት ደረሰች። ጋሽ ባልቻ እንደ መስኮቱ ሰውዬ አጨበጨቡላት።

«ኳስ ሳይወረወር መሮጥን ሕጉ አይፈቅድም» አለች ሚስ ሃርግሮቭ። አውሮፕላን አለፈ። «ሕጉን መጽሐፍ አንብበው ይደርሱበታል። ነስሪን ስትሮጥ ግን አይቼ አላውቅም። ቦታው የእርስዎ ነው፤ ይፈልጉታል?»

ሰኒ ተረጎመች። ጋሽ ባልቻ ኮታቸውን ቆለፉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። «ኧረ በጭራሽ! እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። የተማረ፣ ወጣት ሰው ቢፈልጉ ይሻላል» አሉ።

ሰኒ ይህን ወግ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው እምቢታ ለጨዋነት ነው። ሁለተኛው ለክብር ነው። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ይባላል። ሚስ ሃርግሮቭ ግን አንዴ ነው የምትጠይቀው፤ እንግዳ «በቃኝ» ካለ ሳህኑን አንስተው ወደ ኩሽና ከሚመልሱ ሰዎች ወገን ናት።

«ምን አሉ?»

ቃል በቃል ብትተረጉመው ማንም አይከሳትም። ቅድም ቃል በቃል ተርጉማ የለ? ሶፋዋ ይተርፋል። ጋሽ ባልቻም የማታውን ባቡር ይዘው ወደ ማሽኖቻቸው ይመለሳሉ፤ ሚስ ሃርግሮቭ ዳግመኛ እስክትጠይቃቸውም ይጠብቃሉ። ቀና ብላ አየቻቸው። አሁንም ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። በሁለት ጣታቸው ሪዙ የነበረበትን ቦታ ይዘው፣ በዓይናቸው ጫፍ ሚስ ሃርግሮቭን ይጠብቃሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ? ነው የሚሉት» አለች ሰኒ በእንግሊዝኛ።

ሚስ ሃርግሮቭ እጃቸውን ጨብጣ ነቀነቀችው። የጋሽ ባልቻ ፊት ጠቆረ፤ ይህን ዓይነት ጨበጣ ሆቴሉ ውስጥ ያውቁታል። «አየሽ? አሰናበተችኝ» አሉ።

«ሰኞ ከትምህርት በኋላ ይጀምራሉ» አለች ሰኒ ቦርሳዋን እያነሳች።

አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ ጋሽ ባልቻ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ሰኒ፣ እኔ እኮ እምቢ ነው ያልኩት።»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«አልናገርም።»

ሐይቁን የሚሻገረው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ለአጎትሽ እንኳ?»

«አልናገርም። ይልቅ ሶፋው ላይ እርስዎ ይተኛሉ፤ እኔ ከእማዬ ጋር እተኛለሁ።»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ መሬት ላይ...»

«ጋሼ፣ አንዴ ነው የምጠይቀው።»

ጋሽ ባልቻ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። «እሺ» አሉ በቀጭን ድምፅ፤ እንደዚያ ዓይነት «እሺ» በሕይወታቸው ብለው የሚያውቁ አይመስሉም።

የኦ ቪቭን ደረጃ ሲወጡ አስረሳሽ በሩን ከፍታ፣ ማንኪያ እንደያዘች፣ ከላይ እየጠበቀች ነበር። ጋሽ ባልቻ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው ቆሙ፤ የሰኒን እጅጌ ያዝ አደረጉ።

«በሞቴ፣ ሰኒ! ምን አልሻት?»

ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። በቤታቸው ወግ «እንግዲህ ካሉማ» ተብሎ ይነገራል።

«አልናገርም» ብላ ሰኒ ገባች።