የተላገው በር

ደራሲዋ የሞተችው ጽሕፈት ክፍሏ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ እንደተኛች ነው። ከጎኗ የከሰል ማንደጃ ነበረ፤ መስኮቱም በሩም ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ፖሊሶቹ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለው ሊሄዱ ሲሉ ታይፒስቷ «እትዬ በር አይዘጉም!» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ስለዚህ አንድ መርማሪ ተላከ። ዓይኖቹ ሁልጊዜ የተከደኑ ስለሚመስሉ ባልደረቦቹ «እንቅልፉ» ይሉታል። እሱ ያሰራቸው ሰዎች ግን በዚህ ስም ሲስቁ ታይተው አያውቁም።

«እስቲ ረጋ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ» አላት።

«የሕይወት ታሪካቸውን የምተይብላቸው እኔ ነኝ። ልጅ እያሉ አባታቸው ማታ ማታ ዕቃ ቤት ያስቆልፉባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አያውቁም፤ ሲጽፉ ነው የሚያነጉት። ቀን ከምሳ በኋላ ክኒን ውጠው ይተኛሉ፤ እሱም በሩ ወለል ብሎ ካልተከፈተ አይሆንላቸውም። ትናንት ከምሳ ስመለስ ተዘግቶ ሳየው ክው አልኩ።»

«መጽሐፉን የጠላ ሰው ነበር?»

«ታላቅ ወንድማቸው ‹የቤተሰብ ገመና አደባባይ አታውጪ› እያሉ ይለምኗቸው ነበር። እንዲያነቡት ሲሰጧቸው ግን በእጄም አልነካው አሉ።»

የመጽሐፉ አርታኢ መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርጋል። «መጨረሻውን ምዕራፍ ገና አልሰጠችኝም። ከትናንት ወዲያ እሷ፣ ታይፒስቷና እኔ ቢሮዬ ረቂቁን ስናርም ዋልን።»

«ቤቱንስ ማን ጠበቀ?»

«ወንድሟ። ቁልፍ አለው።»

ወንድሟ በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ አናጺ ነው። ፊቱ በአንድ ቀን ተጎሳቁሏል።

«ጸጥታ ትወዳለች፤ ሁልጊዜ በሯን ዘግታ ነው» አለ። «ከሰሉን ተይ ብያት ነበር። አልሰማ አለችኝ።»

እንቅልፉ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ተመለሰ። በሩን ሲያንቀሳቅሰው የዛገው ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ አለ። ቀለሙ ያረጀ ነው፤ ጠርዙ ግን ከላይ እስከ ታች ገና ነጭ እንጨት ነው። ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርግ በመላጊያ የተላጠ ቀጭን የእንጨት ጥቅልል አገኘ። አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ይህ በር ለዓመታት ተከፍቶ ስለኖረ አብጦ ከመቃኑ ጋር ተጣልቶ ነበር። ሊዘጋው የፈለገ ሰው መጀመሪያ መላግ ነበረበት። ታይፒስቷና አርታኢው መጽሐፉን ያውቁታል። ደራሲዋ በር ዘግታ ተኝታ ሞተች ቢባል እንደማያስኬድ ያውቃሉ። ገዳዩ ግን አደጋ ይመስላል ብሎ አሰበ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ነው ማለት ነው።»

አናጺው ቀና አለ። «በር ማስተካከል ወንጀል ሆነ? ቤት ስጠብቅ አብጦ እንቢ ሲለኝ ላግሁት። ሥራዬ ነው!»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ትዘጋዋለች አላሉኝም? አልዘጋ ያለዎትን በር እሷ እንዴት ስትዘጋው ኖረች?»

የሽማግሌው ትከሻ ወደቀ።

«ልጅነት ያለፈ ነገር ነው ብዬ» አለ በመጨረሻ። «እኛ ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። የረሳችው መስሎኝ ነበር። መጽሐፍ ስትል ግን ሌሊቱ ሁሉ መጣብኝ። ቁልፉን የማዞረው እኮ እኔ ነበርኩ። አባቴ ያዝዘኛል፣ እቆልፍባታለሁ። ልጆቼ ይህን ከሚያነቡ... ከሰሉ እንደተቀጣጠለ፣ ተኝታ ሳለች በሩን ዘጋሁባት።»

«ልጅ ነበሩ እኮ» አለ እንቅልፉ። ለነፍሰ ገዳይ አዝኖ አያውቅም፤ ዛሬ ግን አዘነ። «ትናንት ግን ልጅ አልነበሩም።»

ታይፒስቷ ከረቂቁ መጨረሻ ምዕራፍ አንድ ገጽ መዝዛ አነበበች።

«‹ወንድሜ እያለቀሰ ይቆልፍብኛል። አባታችን ሲተኛ ተመልሶ በሩ ሥር ይቀመጥና እስኪነጋ ተረት ያወራልኛል። በሕይወት የተረፍኩት በእሱ ድምፅ ነው። ይህን አንድም ቀን ሳልነግረው አረጀን፤ መጽሐፉን የምጽፈው ለዚህ ነው።›»

ሽማግሌው ገጹን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ትሰማኝ ነበር እንዴ?» አለ። «መልሳልኝ አታውቅም እኮ። የተኛች መስሎኝ ነበር።»