ከማሳው ማዶ ያለው ባዶ ካሬ

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ታሪክ መፍጠር አላውቅበትም። ይሄን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምጽፍላችሁ።

ያለፈው መጋቢት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት... ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደራችን፣ በገዛ ደጄ።

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው ሀምዲያ፣ አሶሳ ከተማ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ማታ ማታ የጦርነት ጌም ትሠራለች፤ እኔን ካርታውን መሥራት አስተማረችኝ። መሬቱ በካሬ በካሬ ይከፈላል። ጫካ የገባ ተዋጊ ይዘገያል፣ ጉብታ የያዘ ይበረታል። ጠላት በየተራው አንድ ካሬ ይራመዳል።

የሚያውቁትን ቦታ ይሥሩ አለችኝ። እኔ የማውቀው መንደሬን ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ ጭነው ሲያመጡን፣ ቦታው ሲለካ የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቤቶቹን በመስመር ደረደርኳቸው። ከደጃችን ፊት ለፊት፣ ከማሳው ማዶ ያለውን ቦታ ግን ባዶ ተውኩት። የተመደበለት ሰው አብሮን ከወሎ ሲመጣ መንገድ ላይ ሞቶ ቀረ... እስከ ዛሬ ማንም አልሠራበትም።

"አባባ፣ ባዶ አይተዉ" ብላ ሳቀች። "ጠላት በዚያ ይገባል።"

ተውኩት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ባዶው ካሬ ላይ ቀይ ነጥብ ቆሟል። ቀይ የጠላት ነው። እኔም አላስቀመጥኩ፣ እሷም አላስቀመጠች።

አጠፋችው።

በሦስተኛው ቀን ነጥቡን ካርታው ላይ፣ ማሳው ውስጥ አገኘነው። ወጥቼ አየሁ... የማሽላው ገለባ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተረጋግጦ ተኝቷል።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ላይ ነበር።

ባጃጅ ነጂው ሚፍታህ እደጃችን ሲደርስ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ከዚያ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ አለፈ።

"ሰውዬው ዞር አይልም እንዴ?" አለኝ እየተነጫነጨ።

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ አስረሳሽ ይሄን ሰምታ ልብስ መሸከፍ ጀመረች። በእሷ ቆጠራ ነጥቡ ነገ ግቢያችን ነው፣ ከነገ ወዲያ መኝታችን።

"ቡለን ከተማ ያለው ልጃችን ጋ እንሂድ" አለች በሹክሹክታ።

"አንዴ ተጭኜ መጥቻለሁ። ሁለተኛ ማንም አያስነሳኝም።"

"እሱስ... አብሮህ ተጭኖ አልነበር?"



አልተነሳሁም። ሀምዲያን ሰማያዊ ነጥብ፣ ማለት የራሳችንን ሰው፣ ግቢያችን ላይ አስቀምጪልኝ አልኳት። በማግስቱ፣ ነጥቡ በሚራመድበት በስምንት ሰዓት በርጩማዬን ይዤ እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከኋላዬ፣ ከበሩ ላይ ኮምፒውተሩን ታያለች።

ነፋስ የለም። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ዝም ብለዋል።

"አባባ..."

"የት ደረሰ?"

"ፊትዎ።"



"ያንተ ቦታ ማዶ ነው" አልኩት። "ማንም አልነካብህም። ይሄ የእኔ ነው።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። አቧራው ላይ፣ ከጫማዬ ፊት ለፊት፣ የሁለት ባዶ እግሮች ዱካ አለ። ጣቶቹ ወደ እኔ ናቸው። የመጣበት ዱካ የለም...

ተነሳሁ። በርጩማዬን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፍቼ፣ ጉልበቴ የማይታየውን ጉልበቱን እስኪነካ ተቀመጥኩ።

እግሮቹ ወደ ኋላ አላሉም። እያየኋቸው፣ የጣቶቹ ዱካ አቧራው ውስጥ ቀስ እያለ ጠለቀ...

ወደ ፊቴ ጎንበስ እንደሚል ሰው።