የአንለይ የመጨረሻ ገጽ

«ገጿን ቅደጃት!» አለች የፀደይ ጓደኛ ያስሚን፣ በክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው እያየች። «ቶሎ በይ፣ እናትሽ ከባጃጅ እየወረዱ ነው።»

ፀደይ ደብተሩን እንደያዘች ቀረች። ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የሳይንስ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀበት ቀን ነበር። በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን ጥቂት ነው፦ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አንዲት የሞተች አረንጓዴ ጢንዚዛ፣ አንድ የስሪዲ ፊልም የሚታይበት የሲኒማ መነጽርና የወንድሟ የአንለይ ደብተር። በአርባው ልብሱ ለነዳያን ሲሰጥ ከእሱ የተረፈው ይኸው ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ቆርቆሮው፣ መነጽሩ ከላዩ ተቀምጦ፣ በእርሳስ ተሥሏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 9። ልዩነት የለም። በግራም በቀኝም ያው አረንጓዴ ናት። ተሳስቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

በማግሥቱ ወባ ጣለው። በሳምንቱ ቀበሩት።

አንለይ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ይማር ነበር። ክረምት ላይ ሩዝ ሲያርሙ፣ ጭቃ የነካ መዳፉን ከእሷ መዳፍ ጋር እያጋጠመ ያስረዳት ነበር። «ግራና ቀኝሽ ይመሳሰላሉ አይደል? ግን የግራ ጫማ ለቀኝ እግር አይሆንም። ሞለኪውልም ግራና ቀኝ ያለው አለ። ከእንዲህ ያለ ቁስ አምፖል ሲሠራ ብርሃኑ ራሱ እንደ ቡሎን እየዞረ ይወጣል።» እሱ መሥራት የሚመኘው ያንን አምፖል ነበር። ጓሯቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ ያገኛት ጢንዚዛም ጀርባዋ እንደ ሩዝ ክምር የተነባበረ፣ እያንዳንዱ ንብር ከበታቹ ካለው ትንሽ ዞር ያለ ነው ብሎ ጠረጠረ። እውነት ከሆነ ከእሷ የሚመለሰው ብርሃንም እየዞረ ይመጣል፤ የሲኒማው መነጽር አንዱ መስታወት ወደ ግራ የሚዞረውን፣ ሌላው ወደ ቀኝ የሚዞረውን ብርሃን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ በአንዱ መስታወት አብርታ፣ በሌላው ጠቁራ መታየት አለባት።

ባለፈው እሑድ ፀደይ ብዙም ሳታስብ መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ አደረገችና ወደ ቆርቆሮው አጎነበሰች። ቀኝ ዐይኗን ጨፈነች፤ ጢንዚዛዋ አረንጓዴ ናት። ግራዋን ጨፈነች፤ እንደ ከሰል ጠቆረች።

«አንለይ!» ብላ ተጣራች።

መልስ የሚሰጥ እንደሌለ ትዝ ያላት ከተጣራች በኋላ ነው።

ሥዕሉን ደግማ ስታየው ስሕተቱ ገባት። አንለይ መነጽሩን ቆርቆሮው ላይ ከድኖት ነበር፤ እንዳይወድቅበት እጀታዎቹን ወደ ታች አድርጎ ቆርቆሮውን አሳቅፏቸዋል። የመነጽሩ ውስጠኛ ገጽ ወደ ጢንዚዛዋ ዞረ። መነጽሩ ደግሞ የሚለየው ከውጭ በኩል የሚገባውን ብርሃን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ዐይኑ ላይ ቢያደርገው ኖሮ ያየው ነበር።

«አቦ አታካብጂ» አለች ያስሚን ከመስኮቱ ተመልሳ። «አንዲት ገጽ ናት። ‹አንለይ አገኘው› በያቸውና ትንሽ ደስ ይበላቸው። ማንበብ እንደሆነ አይችሉ።»

«ጧት ጠይቃኝ ነበር። ‹ያች የጀመራት ነገር ሞላችለት ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ዝም አልኩ።»

«በቃ፣ ዋሽተሻል እኮ! የቀረሽ መጨረስ ነው።»

ፀደይ የገጹን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ያዘች። ወረቀቱ ስስ ነው። አንድ ጊዜ ብትስበው ይወጣል።

እናቷ ይታይሽ በጥቁር ነጠላዋ ተሸፍና ገባች። ከኀዘኑ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ወጥታ አታውቅም። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ምንም ሳትነካ ቆመች።

«ይችው ናት?»

«አዎ እማየ። ነይ፣ እይው።»

ፀደይ መነጽሩን አደረገችላት። እናቷ ቆርቆሮው ላይ አጎንብሳ አንድ ዐይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ሌላውን።

«ውይ! ጠቆረች!» ደግማ ጨፈነች። «ይኸው ደግሞ በራች። ወይ የኔ ልጅ!» ከንፈሯ ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። መነጽሩን አውልቃ ፀደይን ትክ ብላ አየቻት። «እሱስ? እሱ አይቷታል?»

ያስሚን ከኋላ ሆና ‹አዎ በያት› እያለች ራሷን ነቀነቀች።

ፀደይ ደብተሩን ገለጠች።

«‹ልዩነት የለም›» ብላ ጀመረች። «‹በግራም በቀኝም ያው አረንጓዴ ናት። ተሳስቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።›» ቀና ሳትል ቀጠለች። «አላያትም እማየ። መነጽሩን ገልብጦት ነው። ሐሳቡ ግን ልክ ነበር።»

እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ማንበብ የማትችለውን ገጽ አየችው።

«በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚተኛው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ትኩሳቱ መስሎኝ።»

ያስሚን መሬት መሬት አየች።

የሳይንስ መምህሯ መምህርት መሠረት ከዳኞቹ ጋር ወደ ጠረጴዛው መጡ። «ፀደይ፣ ተራሽ ነው። አስረጂያቸው።»

እናቷ ደብተሩን በጣቷ ነካችው። «ሌላውስ ምን ይላል ልጀ? ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

ፀደይ ዳኞቹን አየቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ እናቷን አስቀመጠቻት።

«መምህርት፣ ሌላውን ያስቀድሙ» አለች፤ የመጀመሪያውንም ገጽ ገለጠች።