ያልተቆጠሩት እናቶች

መሊካ ሙህዲንን ያወቀችው በሰንበቴ የከብት ገበያ ነው። ታናሽ ወንድሟን ኢርፋንን አንድ ወይፈን በቀንዱ ጫር አድርጎት ከንፈሩ ይደማ ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ሰው ሁሉ ከቦ ምክር ሲያዋጣ፣ ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ወጣት ፍየሎቹን ለጎረቤቱ ጥሎ ወንድምና እህትን በሞተር ሳይክሉ አፈናጦ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ከእናታቸው ጋር ወደ ደሴ ሲላኩም አብሯቸው ሄደ።

የኢርፋን ቁስል ከዳነ በኋላም ሙህዲን ወደ ከሚሴ፣ ወደነመሊካ ቤት መመላለሱን አልተወም። «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላል። እርሻው ጨፋ፣ ገበያው ሰንበቴ የሆነ ሰው በመሊካ በር ላይ በምን በኩል እንደሚያልፍ እሱ ይወቅ።

«ኢርፋን ደህና ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«አንቺስ?»

በዚያ ቤት ጤነኛዋን መሊካን «ደህና ነሽ?» ያላት ሰው አልነበረም። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ዓይኑን አልሰበረም። የወደደችው ያኔ ነው።

ሙህዲን የማያውቀው ነገር ግን ነበር። ደሴ ላይ እሱ መድኃኒት ፍለጋ በወጣበት፣ ሐኪሙ ለመሊካና ለእናቷ ለመሪማ ሁሉን ነግሯቸዋል። የኢርፋን ደም የሚያረጋው ነገር ይጎድለዋል። በሽታውን እናት ራሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ ታወርሳለች። ሴት ልጇም ሳይታወቃት ይዛው ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

መሪማ ይህን ስትሰማ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። የበኩር ልጇ ዘይኑ የተገረዘ ዕለት ደሙ ሳይቆም ሞቷል። ጎረቤት የገራዡን እጅ ረገመ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። ከዚያ በፊት ወንድሟ ዩሱፍም እንዲሁ ነው የሄደው። ኢርፋን የተገረዘ ጊዜ ደሙ በስንት መከራ ቆመ። መሪማ የሟቾቹን ስም ከአፏ አታወጣም።

ሙህዲን ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ሼህ ሙሀመድኑርና የመሊካ አባት ከማል ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ሰባት ቤት ቆጠሩ።

«ዝምድና የለም፣ እንከንም የለም» አሉ ሼሁ። «ቤቱ ንጹህ ነው።»

መሊካ ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጥ ነበር። ያ ሁሉ ስም ሲጠራ አንዲት ሴት አልተጠራችም።

«እማ፣ እንንገራቸው።»

«ዝም በይ ልጄ» አለች መሪማ በሹክሹክታ። «አንቺ ጤነኛ ነሽ። በኔ የደረሰው ይበቃል።»

መሊካ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። በማግስቱ ሙህዲንን ቦርከና ዳር፣ ማሽላው አጠገብ አገኘችውና ሁሉን ነገረችው።

«ሽማግሌዎቹ የቆጠሩት አባቶችን ነው። ይሄ ደግሞ በእናት በኩል ነው የሚመጣው። ካለብኝ ከምንወልዳቸው ወንዶች አንዱ ሊተርፍ፣ አንዱ እንደ ኢርፋን ሊሆን ይችላል። አላውቅም።»

ሙህዲን የማሽላ ቅጠል በጣቱ ሲያፍተለትል ቆየ። «ላስብበት» አለና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ በር የሚያልፍ ጠፋ። ስልኩም አይጠራም። መሊካ እውነቱን በመናገሯ አልተጸጸተችም ማለት ውሸት ነው፤ ብቻዋን በሆነች ቁጥር ትጸጸት ነበር። እጅግ ናፍቋታል። መሪማ አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላለቻትም፤ ብትላት ይቀላት ነበር።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሼሁ ተመልሰው መጡ። ሙህዲንም ከኋላቸው አለ፤ አግቢው ከሽማግሌ ጋር መምጣቱ ያገር ወግ ባይሆንም።

«አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡ። «ከማል፣ ያለፈው ቆጠራችን ጎዶሎ ነበር። ይሄ ልጅ ደሴ ሐኪሙ ጋ ሲመላለስ ከርሞ እኔንም ወላሂ መቀመጫ ነሳኝ። ዛሬ እናቶችን ልንቆጥር ነው የመጣነው። መሪማ ትምጣልን።»

መሪማ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እናቴ ሀዲጃ ናት። የሀዲጃ እናት ኡምኩልሱም። የኡምኩልሱም ፋሪዳ። ከዚያ ወዲያ የነገረኝ የለም።»

«ወንዶቹስ?» አሉ ሼሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ወንድሜ ዩሱፍ።» ድምጿ ተሰበረ። «ልጄ ዘይኑ። ሁለቱም ሲገረዙ። ኢርፋን አለልኝ።»

ሼሁ ወደ ሙህዲን ዞሩ። «ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። አሁንም መሊካን ነው የምፈልገው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የመሊካ ድምፅ መጣ። «መጀመሪያ ልመርመር። ውጤቱን አይተህ ትወስናለህ።»

«ተመርመሪ» አለ ሙህዲን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምርመራው ግን ለልጃችን ነው። ወንድ ከወለድን ደሙ ሳይመረመር ምላጭ አይነካውም፤ ይህን ከሐኪሙ ተምሬ መጥቻለሁ። አንቺን ለመምረጥ ግን ውጤት አልጠብቅም።»

ሼሁ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ለሙሽሮቹ ከመለመናቸው በፊት ዩሱፍንና ዘይኑን በስማቸው ጠርተው ምሕረት ለመኑላቸው። ድምጿን ከሁሉ አስበልጣ «አሚን» ያለችው መሪማ ነበረች።

እንግዶቹ ሲወጡ ሙህዲን በሩ ላይ ዘገየ። መሊካ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ኢርፋን ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አንቺስ?»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች። «ደህና አልነበርኩም» አለችው። «አሁን ደህና ነኝ።»