ከሬሳው ሥር የጠፋው ጥርስ

ሟቹ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ፊቱ የሰመጠው ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ሰርጉዷል። እንደ በረዶ የሚቆረጥመው ወንዝ ደሙን አጥቦ ወስዶ፣ ቁስሉን አንጽቶ አስቀምጦታል።

መርማሪዋ ስትደርስ ዱላው ገና አላበቃም ነበር። የሟች አባት ታናሹን ልጃቸውን በአካፋ እጀታ ይቀጠቅጡታል።

«ወንድምህን በላህ! አንተንም ከጎኑ እቀብርሃለሁ!»

ሁለት ፖሊሶች አባትየውን ጎትተው አላቀቋቸው። ሦስተኛው ልጁን በካቴና አሰረው።

«ዛሬ ብታስጥሉት ነገ አለ» አሉ አባትየው፣ እያለከለኩ። «ስትፈቱት እጠብቀዋለሁ።»

መርማሪዋ በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ትባላለች፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከአባትየው ይልቅ ዳር ላይ የወደቀውን መዶሻ አተኩራ አየችው። በአንዱ ጫፉ ፀጉር፣ በሌላው ጥቁር ዱቄት ተጣብቆበታል። ዱቄቱን በጣቷ ፈተገችው። የአጥንት ነው፤ የሰው ግን አይደለም።

ወንድማማቾቹ እንጀራቸው ከዚህ ወንዝ ነበር፤ ድንጋይ የሆኑ የጥንት አጥንቶችን ከውሃው ያወጣሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት የጥንት ዝሆን መንጋጋ ከነጥርሱ፣ ምንም ሳይጎድለው አግኝተዋል። አሁን መንጋጋው የለም።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ታናሹ፣ ያበጠ አፍንጫውን በታሰሩ እጆቹ እየጠረገ። «ቀድሜ ያየሁት እኔ፤ እሱ ‹ያወጣሁት እኔ› አለ። በቡጢ አፍንጫዬን ሲሰብረው ጥዬው ሄድኩ። ከኋላዬ ‹ለኔም ላንተም አይሁን!› እያለ በመዶሻ ሲከሰክሰው ሰማሁ።»

«ለምን አልተመለስክም?»

«ብመለስ እገድለው ነበር።»

ካቴናውን ያሰረው ፖሊስ «ሰማችሁ?» እንደማለት ሳል አለ።

የሟች ሚስት ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«ማን ነው የመታሽ?»

«ባሌ ነዋ፤ ነፍሱን ይማረው። እሱ ያገባው አጥንት ነበር፤ እኔ ለመደብደቢያ ነው የመጣሁት።»

«ወንዙ ዳር ሄደሽ ነበር?»

«ምን ልሠራ? ቤቴን የሞላው አጥንት አንሶኝ?»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጠጋኙ ነው። ወንድማማቾቹ ያወጡትን አጥንት የሚለየው፣ የሚያጸዳውና የሚገጣጥመው እሱ ነበር። ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጣቶቹ ሙጫ የደረቀባቸው ሰው ነው።

«ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ወርክሾፔ ነበርኩ ልጄ። መንጋጋውን ባየሁት እንዴት በወደድኩ!»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ግን ነገሩን ገለበጠው። «ምቱ አልገደለውም። ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ደረቱም ላይ ሰምበር አለ፤ ይኸው፣ የተሰመረ ይመስላል። የጠጠር ይሆናል።»

«ጠጠር ተሰልፎ ይተኛል?»

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ ወንዙ ውስጥ ገባች። ሬሳው ከነበረበት ሥር እንዲህ ያለ ሰምበር የሚያወጣ ድንጋይ አልነበረም። ትንሽ ወደ ታች፣ ጥላ ባረፈበት ውሃ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተጫነው ከረጢት አገኘች። እግሯ ደንዝዞ አልሰማም እስኪላት ቆማ ፈታችው።

ሁሉንም በጠጋኙ ወርክሾፕ ሰበሰበቻቸው። ከረጢቱ ውስጥ የነበሩትን ስብርባሪዎች ከሚነድደው ምድጃ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

«መንጋጋውን የሰበረው ሟች ራሱ ነው፤ መዶሻው ይመሰክራል። ከዚያ አንድ ሰው ያንኑ መዶሻ ነጥቆ መታው። ሟች የወደቀው በዚህ ላይ ነው» አለችና ሸንተረራሙን የዝሆን ጥርስ አነሣች። «ሸንተረሩ ደረቱ ላይ ካለው ሰምበር ጋር ይገጥማል። ሰምበር የሚያወጣ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ጥርሱ ግን የተገኘው ከሬሳው ሥር ሳይሆን ከከረጢቱ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሰውየውን አገላብጦ ጥርሱን ወስዷል።»

ከጠረጴዛው ላይ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዱ አጥንት መድረቅ ጀምሯል።

«ለምን ውሃ ውስጥ ደበቀው?» አለች ሚስትየዋ።

«አልደበቀውም፤ እንዳይደርቅ አቆየው እንጂ። ከቀዝቃዛ ውሃ የወጣ አጥንት ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ታናሹ ይህን ያውቃል፤ ቤቱ ያለውን ከረጢት ግን አይቼዋለሁ፤ አጥንት የሚያጭቀው እንደ ድንች ነው።»

«ጧ» አለ እንደገና።

ጠጋኙ ተነሣ። ማንንም ሳያይ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ነክሮ እየቀደደ፣ ስብራት ከስብራት እንዳይፋተግ በየመካከሉ ይጠቀጥቅ ጀመር።

«ከረጢቱም ውስጥ እንደዚሁ ነበር» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «በየስብራቱ መካከል ጨርቅ።»

የጠጋኙ እጆች ቆሙ።

«ሸክም ላግዝ ነበር የሄድኩት» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነው። እየሳቀ ነበር የሚሰብረው።»

«ሲያገላብጡት ይተነፍስ ነበር?»

«ጥርሱ ሥሩ ነበር።»

«ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«...አዎ።»

«ጥርሱን በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ሰውየውን መልሰው ውሃው ላይ ደፉት። በጀርባው ቢተዉት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

አባትየው ከጠረጴዛው ላይ መሮ አንሥተው ጠጋኙ ላይ ዘለሉ። ከፖሊሶቹ የቀደመው ታናሹ ነው። የታሰሩ እጆቹን በአባቱ ራስ ላይ አሾልኮ ከኋላ ጠምጥሞ ሳባቸው። የጠጋኙን አንገት የፈለገው መሮ የልጁን ክንድ ሸረከተው። ደሙ በአባትየው ሸሚዝ ላይ ወረደ።

«ይብቃ አባዬ። አንድ ሞት ይበቃናል።»

መሮው ወለሉ ላይ ወደቀ። ጠጋኙን ይዘውት ወጡ። አንዱ ፖሊስ ካቴናውን ሊፈታ ቁልፍ ይዞ ቀረበ።

«ቆይ» አሉት አባትየው። በልጃቸው ክንዶች መሐል እንደታሰሩ ቁስሉን በመዳፋቸው ጨምቀው ይዘዋል። «ደሙ ይቁም።»