ከማተቡ ጎን የተንጠለጠለች ወረንጦ

ከወረታ ከተማ ወረድ ብሎ፣ የሩዙ ማሳ ከሰማይ ጋር በሚገጥምበት ሜዳ ላይ፣ «የቄሱ ቤት» እየተባለ የሚጠራ አንድ ቤት ነበር። ቄሱ ከሞቱ ቆይተዋል። በቤቱ የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብረወርቅ፣ አንድያ ልጃቸው ሠርካለምና የሠርካለም ባል ደሳለው ናቸው። ደሳለው ነገር የማያበዛ፣ ከበሬዎቹ ጋር ተግባብቶ የሚውል ገበሬ ነው። በዚያ ቤት እህል አይታጣም፤ ሳቅም አይታጣም። የጎደለው ሁለት ነገር ነበር፤ የሕፃን ድምፅና የወይዘሮ ደብረወርቅ ግራ ዓይን።

ግራ ዓይናቸውን የበላባቸው ፀጉር ነው። የሽፋሽፍት ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌን ሲወጋ የአገሩ ሰው «ፀጉር አወጣባት» ይላል። ቀኝ ዓይናቸውን እስካሁን ያቆየችላቸው ሠርካለም ነበረች። ከአንገቷ ማተብ ጎን በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ወረንጦ አለቻት። የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን መልሳ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አንድ በአንድ ትነቅልላቸዋለች። እሳቸውም፣ «እፎይ! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይላሉ። ይህ ፍቅር አልነበረምን? ፍቅር ነበር እንጂ! ግን መከራ ሁልጊዜ በጥላቻ በር ይገባል ያለው ማነው?

ሠርካለም ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ ፀነሰች። ያን ቀን ወይዘሮ ደብረወርቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ «የልጄን ልጅ ፊት አሳየኝና ከዚያ ይጨልም። ሌላ አልለምንህም» ብለው ሰገዱ። ሠርካለም ከኋላቸው ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች አንዲት ዓይን ነገር የእሷ ሸክም ሆነ።

በዚያው በጋ የዓይን ሐኪሞች ለጥናት ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ፀጉርን ከሚመልሱት ሁለት ዓይነት የቀዶ ሕክምና አሠራሮች፣ በሽታው እንዳያገረሽ የሚያደርገው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ፀጉሩ ብሌኑን ሲነካ የታየ ሰው በጥናቱ ይገባል፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ዓመት ሙሉም እየተጠራ ይታያል። ወሬውን የሰማችው ሠርካለም በደስታ አለቀሰች።

በዋዜማው እናቷን ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳ አጠበቻቸው፤ ነጭ አለበሰቻቸው። ከዚያም ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ዓይናቸው እንዳያነባ ብላ ወረንጦዋን አወጣች፤ አንድ ፀጉር ሳታስቀር ለቀመችው። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ?

በማግስቱ ወረፋ ላይ ጎረቤታቸው አማከለች አየቻቸውና ሳቀች።

«ሠርክ፣ እናትሽን ልትድሪያቸው ነው እንዴ እንዲህ ያሳመርሻቸው?»

«ባልስ አንድ ይበቃኛል፤ ዓይን ከሰጡኝ ግን አልጠላም» አሉ ወይዘሮ ደብረወርቅ፤ ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

አማከለች ግን ጠጋ ብላ ለሠርካለም በጆሮዋ አንሾካሾከች። «ያችን ወረንጦ ወደ ውስጥ ክተቻት። እኔን አምና አንዷ ሐኪም ‹አትንቀሉ ብለን አልነበረም ወይ!› ብላ በሰው ፊት ነው ያሳፈረችኝ። ነቃይ አይወዱም።» ሠርካለም ደነገጠች። ወረንጦዋን በቀሚሷ ውስጥ ሰደደቻት።

የምትመረምረው ሲስተር እየሩስ የምትባል ወጣት ነበረች። ማጉያ መነጽሯን አድርጋ የወይዘሮ ደብረወርቅን የቀኝ ዓይን ቆብ ገለበጠች። ወደ ግራ አየች፤ ወደ ቀኝ አየች።

«ይቆረቁርዎታል፣ እማማ?»

«አልፎ አልፎ፣ ልጄ።»

«የሚነካ ፀጉር አላየሁም…» ቀና ብላ ሠርካለምን አየቻት። «ትነቅሉላቸዋላችሁ?»

ሠርካለም እጇ ሳታስበው ደረቷ ላይ፣ ወረንጦዋ ላይ አረፈ። «እንነቅላለን» ብትል ጥናቱ እናቷን ይቀበላቸው ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት። «የለም» አለች። «አንነቅልም።»

ወይዘሮ ደብረወርቅ አፋቸውን ከፈት አደረጉ… መልሰው ገጠሙት።

«እንግዲያው በዚህ ጥናት አይገቡም፣ እማማ። ይህን ቅባት ይቀቡ። ፀጉር ያያችሁ ዕለት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።» እየሩስ ያየችውን አመነች፤ የተነገራትንም አመነች። በምን ትወቀስ?

የተነቀለ ፀጉር ተኝቶ አይቀርም። ተመልሶ ሲመጣ እንደ ታጨደ ሩዝ አገዳ አጭርና ደረቅ ሆነ። ሠርካለም አየችው። መሄድ ነበረባት! ግን «አንነቅልም አላልሽም ወይ?» ብትባልስ? ሲስተሯ ጥናቱን ለዘለዓለም ብትከለክላቸውስ? «ዛሬ ብቻ» አለችና ነቀለች። ቸኩላ ስትስበው ፀጉሩ ከሥሩ ሳይወጣ ተሰበረ። ስባሪው እንደ እሾህ ጫፍ ብሌኑን ይፍቀው ጀመር። በዚህ መካከል ክረምቱ ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፤ መንገዱ ጠፋ።

አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ ነበር። ወይዘሮ ደብረወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ሠርክ፣ ደመነ እንዴ?» አሉ።

ሠርካለም ከቤት ሮጣ ወጣች። ብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋድሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ መግል ይዟል። «ደሳለው! ደሳለው!» ጩኸቷ ውሃውን ተሻግሮ ተሰማ።

ደሳለው ታንኳ ለምኖ አመጣ። ዘንጉን ጭቃው ውስጥ እየወጋ ይገፋል፤ ውሃው መልሶ ይጎትተዋል። ሠርካለም እርግዝናዋ ገፍቶ እናቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ፍጠን እንጂ! ምን ሆነሃል!»

«ውሃው ነው የያዘኝ! ምን ላድርግ፣ ልብረር?»

«ልጆቼ፣ ውሃ ላይ አይጣሉም» አሉ እናት፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው። «ሠርክ፣ አንቺ ሆድሽን ያዥ። እኔን ልቀቂኝ።»

ወረታ ሲደርሱ እየሩስ መብራቷን አብርታ አየች። ፊቷ ተለወጠ። የተሰበረውን ፀጉር አየችው፤ ገባትም። ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከቻቸው። እዚያ ቁስሉን አዳኑት። ብርሃኑን ግን… ብርሃኑን ማን ይመልሰው!

ሠርካለም ሴት ልጅ ወለደች። ወይዘሮ ደብረወርቅ አራስ ቤት ገብተው ሕፃኗን ተቀበሉ፤ በጣቶቻቸው ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ የተጨፈኑ ዓይኖቿን ቀስ ብለው ዳሰሱ። «ሽፋሽፍቷ ለስላሳ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «መባ በሏት። ለእግዜር የሰጠሁት ስጦታ ትሁን።»

ሠርካለም ከዚህ በላይ አልቻለችም። እግራቸው ሥር ወደቀች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ፣ እምዬ! አንነቅልም ብዬ ዋሽቼ…»

«እኔስ አፍ አልነበረኝም?» አሉ። «ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላሰኛት? ዝም ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ሁለታችን ነን፣ ልጄ። ነይ፣ እንባሽን ልጥረግልሽ።»

አውራ ጣታቸው የልጃቸውን የዓይን ቆብ ጠረገ። ቆመ። መልሶ ዳሰሰ። ሽፋሽፍቷ መሳሳቱን፣ በመካከሉም አጭር ደረቅ ስባሪ መኖሩን ጣታቸው አወቀው።

«ይህ ምንድን ነው?… አንቺም!»

ሠርካለም የእናቷን እጅ ከዓይኗ ላይ ያዘች።

«ማነው የሚነቅልልሽ?»

«ራሴ… በመስታወት።»

ወይዘሮ ደብረወርቅ በአንገቷ ዳብሰው ጥቁሩን ክር ያዙ፤ ማተቡን ትተው ያንን በጠሱት። ወረንጦዋን በልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀምጠው መዳፏን ጨበጡት። «ከእንግዲህ እንዳትነቅዪባት፤ ግን እንዳትጥያት። ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ በእጃቸው ትሰጫታለሽ። እኔ መባን አላየኋትም፤ አንቺ እንድታያት ግን እፈልጋለሁ። ማይልኝ።»

ማለች። ወይዘሮ ደብረወርቅ ግን ሐኪሞቹ የሚመጡበትን ቀን አላዩትም። የጥምቀት ከበሮ ሲመታ በደጅ እየሰሙ፣ ራሳቸውን በልጃቸው ጭን ላይ እንዳስደገፉ አረፉ፤ ፊታቸው ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ፣ እንደ ድሮው።

የጥናቱ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሠርካለም ጥቁር ለብሳ፣ መባን አዝላ ወረፋ ያዘች። አማከለች ዛሬ አልቀለደችም። ሲስተር እየሩስ አወቀቻት፤ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ጥያቄዋም እንደ አምናው አልነበረም። «የሚነቅል ሰው ቢሆን አልቆጣም፤ እንዲያውም ንገሩኝ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ሠርካለም መዳፏን ከፍታ ወረንጦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እነቅላለሁ» አለች። «ለእናቴም የነቀልኩላት እኔ ነበርኩ።»

ከኋላዋ የቆመችው አማከለች እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ የሷንም ወረንጦ አወጣች። ሌላዋም ተከተለች። ሠርካለም በጥናቱ ገባች፤ ዓይኗም ታከመ።

ሰው «ዕጣዋ ነው» ይላል። ይሆናል… ዕጣ የሚጽፈውን ማን ያውቃል? ግን አንዳንዱን ዕጣ ፈጣሪ አይጽፈውም። በሁለት የሚዋደዱ ሰዎች መካከል ባለ ዝምታ ውስጥ ይበቅላል፤ ሥሩም ሳይነቀል ይሰበራል። መባ ዛሬ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና የሜዳውን ብርሃን በተከፈቱ ዓይኖች ታየዋለች። አያቷ ያላዩትን ፊት እናቷ በየቀኑ ታየዋለች፤ ባየችው ቁጥርም ታለቅሳለች።